በሌለችበት የተሞላ ውጤት

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ዱሬሳ በእረፍት ሰዓት መጥቶ ማርክ ሊስቱን ዓርብ እንደሚፈልገው ነገረኝ። የሒሳብ ዲፓርትመንት ተጠሪ ስለሆነ እሱንም ከላይ ይጨቀጭቁታል። «የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ አጫጭር ፈተና፣ የቃል ጥያቄ፣ ሁሉም ይሞላ። ባዶ ሳጥን ካዩ ይመልሱብኛል» አለ።

ሰባተኛ «ለ» ብቻ ስልሳ አንድ ተማሪ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዘጠኝ ሳጥን። ማንን መቼ ምን ጠይቄው ምን እንደመለሰ ማን ያስታውሳል? ግማሹን ከደብተሬ አገኘዋለሁ። ግማሹን ከመልካቸው።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

አርባ ስድስት ጨረስኩ። ተራ ቁጥር 47 ላይ ቆምኩ። ተቅዋ ሸኪብ።

ከጥቅምት 20 ወዲህ ምንም የላትም። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን የምትቀር መስሎኝ በስም መጥሪያው ላይ «አለች» ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ሳምንት ሆነ። ከዚያ ደግሞ «ይህን ያህል ስትቀር ለወላጅ ለምን አልደወልክም» እንዳልባል ዝም አልኩ። የክፍሉ ኃላፊ መምህር እኔው ነኝ፤ የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም። አምስት ሳምንት።

መቅረት የጀመረችው ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ እኔን በገመገመ ማግስት ነው። መገጣጠም ነው። አንድ ተማሪ አምስት ደቂቃ ሰሌዳ ፊት ቢቆም ትምህርት አይተውም።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

አስገባሁ። ለተቅዋ 7፣ 6፣ 7፣ 8፣ 7፣ ለዛሬው ፈተና ደግሞ 7። መሀል ላይ 6 የከተትኩት እውነተኛ እንዲመስል ነው። ዱሬሳ ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ፈረመና «ሥራ እንዲህ ነው» አለ። ወደ ሳሪስ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ብዙወርቅ አስጠሩኝ። ቢሮ ስገባ አንድ መርማሪ ፖሊስ አለ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የተቅዋ እናት ናት፤ ሰኪና ትባላለች። ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር ለጠያቂዎች ሳሙና፣ ብስኩትና የምግብ ዕቃ ትሸጣለች። ጎህ ሲቀድ ነው የምትወጣው፤ ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ የምትወጣው ከእሷ በኋላ ነው።

«ሰኞ ጠዋት ወጥታ አልተመለሰችም» አለች። «ልብሷን ይዛለች። አባቷ በጅቡቲ መስመር ላይ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ቤት ያለነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ የእኔን ማርክ ሊስት ዘርግተው በጣታቸው ተከተሉ። «ይኸው፣ እስከ ዓርብ ድረስ ትማር ነበር። ዓርብም ተፈትናለች፤ ከአሥር ሰባት።»

ሰኪና ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ በራ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል በራ። «ሰባት አገኘች?» አለችኝ። «ሒሳብ ከበደኝ ትል ነበር።»

«አዎ» አልኩ።

መርማሪው እስክሪብቶውን አነሳ። «መምህር፣ ዓርብ ዕለት የተለየ ነገር አይተውባት ነበር?»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ወይዘሮ ብዙወርቅ እያዩኝ ነበር፤ እናትየዋ እያየችኝ ነበር፤ የዱሬሳ ፊርማ ከእኔው ፊርማ ሥር አለ።

«አላየሁም። ደህና ነበረች» አልኩ።

ጻፈው። «እንግዲያው የሆነው ነገር ቅዳሜና እሑድ ነው» አለ። «ከቤትና ከጎረቤት እንጀምራለን።»

ሰኪና ስትወጣ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

አጎቷን ለጥያቄ ወስደውታል። አቡዘር ይባላል፤ የሰኪና ታናሽ ወንድም ነው። የጭነት ሠራተኛ ነው፤ ከእነሱ ጋር ነው የሚኖረው። የሰማሁት ከጥበቃው ነው። «ቤት ውስጥ ሌላ ወንድ ስለሌለ ነው» አለኝ። «ምስኪን ልጅ ነበር፤ ግን ሰው አይታወቅም።»

ሰው አይታወቅም።

ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። በየመሀሉ «ገባችሁ?» እላለሁ፤ «አዎ» ይላሉ።

እንደገና ሳስበው የቆመችው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ አይበልጥም።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ኢሽራቅን ቢሮ አስጠሯት። ከተቅዋ ጋር በአንድ ዴስክ ትቀመጥ ነበር። እኔም እንድገኝ ተደረገ፤ የክፍሉ ኃላፊ ነኛ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ቀስ ብለው ጠየቋት። «ኢሽራቅ፣ ያለፈው ዓርብ ተቅዋ መጥታ ነበር አይደል?»

ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። «አላስታውስም» አለች።

ኮሪደር ላይ ደረስኩባት። ምን ልላት እንደሆነ አላውቅም ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

«ቲቸር፣ ምን ልበላቸው?»

«የምታውቂውን።»

«የማውቀውንማ እርስዎም ያውቁታል» አለችና ወደ ክፍል ገባች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ወደ ማረሚያ ቤቱ መንገድ ሄድኩ። የጠያቂ ቀን ስለሆነ ሰዉ ሳህኑን በፌስታል ጠቅልሎ ይተማል። ሰኪና ከብስኩቶቹ በላይ የተቅዋን ፎቶ ሰቅላለች፤ ለስድስተኛ ክፍል ካርዷ የተነሳችው ፎቶ ነው፣ ዓይኗን አፍጥጣ ካሜራውን የምታይበት። ለሚገዛም ለማይገዛም ሰው «ይህችን ልጅ አይተዋል?» ትላለች። አንዲት ሴት ሳሙና ገዝታ፣ ፎቶውን አይታ፣ «ዓርብ ትምህርት ቤት ነበረች ነው የምትይኝ? እንግዲያው ሩቅ አልሄደችም» አለቻት።

በመንገዱ ማዶ በኩል አለፍኩ። አላየችኝም።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ልጻፈው። ማንም አያየውም።

ጥቅምት 19 ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን ጭኑ ላይ አድርጎ ኋላ ተቀምጧል። ቅጹ ላይ «መምህሩ የተማሪዎቹን መረዳት ያረጋግጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ እንዳለ ስለማውቅ የነጌቲቭ ቁጥሮችን ብዜት ካስረዳሁ በኋላ «ያልገባው ካለ እጁን ያውጣ» አልኩ። ለሱፐርቫይዘሩ ነበር ያልኩት። ማንም እንደማያወጣ አውቃለሁ።

ተቅዋ አወጣች።

«ሁለት ነጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን አልገባኝም። ሕጉን ይዤዋለሁ፤ ለምን የሚለው ነው።»

«ሕግ ስለሆነ» አልኳት።

«እሺ፣ ግን ለምን?»

በድፍረት አልነበረም። የእውነት ፈልጋ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ቀና አለ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ሰሌዳው ጠራኋት፤ አምስት ጥያቄ ጻፍኩላት፤ ሁለቱን ሳተች። ከዚያ «ስልሳው የገባው ለአንቺ ብቻ ካልገባ ችግሩ ያለው አንቺ ጋ ነው። እስኪገባሽ እዚያው ቁሚ» አልኳት።

ሱፐርቫይዘሩ «በጣም ጥሩ» ብሎ ሞላልኝ። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

አቡዘርን አልለቀቁትም።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ተናገርኩ።

ከሰልፉ በፊት ቢሮ ገብቼ ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ወይዘሮ ብዙወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «የዓርቡን ፈተና አልወሰደችም?»

«የዓርቡን ብቻ አይደለም። ከጥቅምት 20 ጀምሮ አልመጣችም። ሁሉንም የሞላሁት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እናትየዋ በየቀኑ ትደውልልኛለች» አሉ። «እስከ ዓርብ ደህና ነበረች እያልኩ የማጽናናት እኔ ነኝ፣ ዘአማኑኤል።»

አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መርማሪው የቀድሞ ቃሌን አውጥቶ አነበበልኝና አዲሱን ጻፈ። አልተቆጣኝም። «ስድስት ቀን» ብቻ አለ፤ ለራሱ ነው ያለው። ከሰዓት አቡዘርን ለቀቁት።

ኢሽራቅም የምታውቀውን ተናገረች። ተቅዋ አምስቱንም ሳምንት ከኮንቴይነር ተርሚናሉ ጀርባ ካለ መጋዘን ውስጥ ቦሎቄ ለቀማ ላይ ነበረች። ዩኒፎርሟን እዚያ ሽንት ቤት ውስጥ ትቀይርና ሲመሽ መልሳ ለብሳ ትገባለች። ኢሽራቅ «ተመለሽ» ስትላት «እዚህ ቁጭ ብሎ ድንጋዩን ከቦሎቄው መለየት ብቻ ነው፤ ማንም ምንም አይጠይቀኝም» ብላታለች።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

መጋዘኑ ውስጥ የሚለቅሙት ሴቶች ለመርማሪው ሁሉንም ነግረውታል። አንዲት ደላላ እየመጣች ልጆቹን ስለ ጅቡቲ ሥራ ታወራቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ሦስቱን ይዛ ሄዳለች። ሴቶቹ ማንም ስላልጠየቃቸው ዝም ብለው ነበር። ፖሊስ የጠየቀው ጎረቤቱን ነበር።

ለአባትየው ተደውሏል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ጭነት እየጠበቀ ነው። በመስመሩ ላሉ ሾፌሮች ሁሉ ፎቶዋን ልኳል፤ አብዛኞቹ የወሎ ልጆች ናቸው፣ ይተዋወቃሉ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ተገኘች። አፋር፣ ሎጊያ። በሕይወት አለች።



ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

አቶ ሸኪብ ትምህርት ቤት መጣ። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከእንቅልፍ ማጣት ዓይኑ ቀልቷል። ልጁን ቤት አድርሶ ነው የመጣው። ወይዘሮ ብዙወርቅ ወንበር ቢሰጡትም ቆሞ ተናገረ።

ደላላዋ ሎጊያ ሲደርሱ ተቅዋ ትኩሳት ስለያዛት ጥላት ሄዳለች። አንድ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ዕቃ እያጠበች ታድር ነበር። ፎቶው የደረሰው ሾፌር ሻይ ሊጠጣ ገብቶ አያት።

«መምህሩ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«ነኝ።»

«ሐሙስ ለት፣ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው፣ ሎጊያ አድሬያለሁ። ሰኪና ደውላ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ነበረች፣ አዲስ አበባ ነው የምትፈለገው ስላለችኝ መኪናዬ ውስጥ ተኛሁ። ምግብ ቤቱ ከቆምኩበት ሁለት መቶ ሜትር አይሆንም። በዚህ መስመር የሚጠፉ ልጆችን አውቃለሁ፤ ስንቱን አይቻለሁ። ትምህርት አቋርጣ ነበር ቢባል መጀመሪያ የምፈልገው እዚያ ነበር።»

ወደ በሩ ዞረ።

«ክንዷን የፈላ ዘይት ያቃጠላት እሑድ ነው።»

ወይዘሮ ብዙወርቅን አመስግኖ ወጣ።

እሑድ። እዚህ ደብተር ላይ ጽፌበታለሁ፤ ገጹን ገልጬ አየሁት።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ወሰነ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የክፍል ኃላፊነቴ ይነሳል፣ ማርክ ሊስቱ ይሰረዛል። የዱሬሳ ስምም ተጠቅሷል። ስንወጣ «ሁላችንም እንሞላለን እኮ» አለኝ ሳያየኝ። «እኔም አምና ሞልቻለሁ። የእኔዎቹ ክፍል ውስጥ መሆናቸው ነው ልዩነቱ።»

ከዚህ የከበደ ነገር ጠብቄ ነበር። ፈልጌም ነበር መሰለኝ።

ጥር 1፣ ሐሙስ

ሰኪና ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀችኝ። ከምትሸጠው ሁለት ፓኬት ብስኩት በፌስታል ይዛለች።

«ሸኪብ ይናደዳል፤ እሱን ተዉት» አለች። «እኔ ግን ሥራዎን ለአደጋ ጥለው ባይነግሩን ኖሮ እስካሁን ቃሊቲን ስንቆፍር ነበር ብዬዋለሁ። እንኩ ይቀበሉ፣ ትንሽ ነው።»

«ወይዘሮ ሰኪና፣ እኔ…»

«ለምን ትምህርቱን ተውሽ ስላት ሰለቸኝ ትለኛለች። ስለ መምህሮቿ ክፉ አትናገርም። ስለ እርስዎ ጠይቄያት ነበር። ምንም አላደረጉኝም አለች።»

ብስኩቱን ተቀበልኩ። አመሰግናለሁ አልኩ። ያን ብቻ አልኩ።

ጥር 5፣ ሰኞ

ዱሬሳን ጠየቅሁት። ሁለት ነጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል? ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። በያዘው ቾክ ጠረጴዛው ላይ ጻፈልኝ። ሦስት ሲባዛ በነጌቲቭ ሁለት፣ ነጌቲቭ ስድስት። ሁለት ሲባዛ፣ ነጌቲቭ አራት። አንድ ሲባዛ፣ ነጌቲቭ ሁለት። ዜሮ ሲባዛ፣ ዜሮ። «በየደረጃው በሁለት እየጨመረ ነው አይደል? እንግዲህ አንድ ደረጃ ውረድ።» ነጌቲቭ አንድ ሲባዛ በነጌቲቭ ሁለት፤ ሁለት። ሌላ መሄጃ የለውም።

ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ቤታቸው ሄድኩ። ከተራ ስለሆነ መንገዱ ተዘግቶ ከሳሪስ ብዙውን በእግሬ ነው የሄድኩት። በነጭ ልብስ የወጣው ሰው ሁሉ ወደ ታቦቱ ሲሄድ እኔ በተቃራኒው ስጋፋ ነበር።

ሦስቱም ነበሩ። ተቅዋ ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀኝ ክንዷ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል። ከስታለች። ሰኪና ሻይ ልታቀርብ ተነሳች፤ ቁጭ ይበሉልኝ አልኳት።

ስንት ቀን የተለማመድኩትን ተናገርኩ። ልጃችሁ ትምህርት የተወችው ሰልችቷት አይደለም አልኩ። አልገባኝም በማለቷ ሰሌዳ ፊት አቁሜያት ነው። አምስት ደቂቃ አይደለም፣ አሥርም አይደለም፤ እስከ ደወል፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ልጆቹ ሲስቁባት ዝም አላሰኘኋቸውም። አብሬ ሳቅኩ።

ሰኪና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ሸኪብ ወደ እኔ ዞረ።

«አሁን ይህን የሚነግሩን» አለ፣ «ለእሷ እንዲቀላት ነው ወይስ ለእርስዎ?»

ተቅዋን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች። እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ልክ እንደዚያን ቀን። ያኔ ነው የገባኝ። ለአባቷም ለእናቷም ሳትነግር የደበቀችውን፣ የእሷ የሆነውን ነገር፣ ሳላስፈቅዳት አውጥቼ መሀል ቤት አስቀመጥኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ሰው ፊት አቆምኳት።

«ኡሚ ባታውቀው ይሻል ነበር» አለች ቀስ ብላ፣ እናቷን ሳታይ። ለእኔ አይደለም ያለችው። ከዚያ ለአባቷ፣ «አባ፣ ይሂዱ በላቸው።»

መንገር አላስፈለገውም። ተነሳሁ። ሸኪብ እስከ በሩ ሸኘኝ፤ ለወጉ ነው።

ጥር 12፣ ሰኞ

ሰባተኛ «ለ» ዛሬ አዲስ የክፍል ኃላፊ ተሰጣቸው። ሒሳቡን ግን አሁንም እኔ ነኝ። በትምህርቱ መሀል ገብቷቸው እንደሆነ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና አልወጣም አለኝ። ስልሳ ልጆች ይጠብቃሉ። ቁራጭ ወረቀት አደልኳቸውና የከበዳቸውን አንድ ነገር ስም ሳይጽፉ እንዲጽፉ ነገርኳቸው። አርባ ሦስት ወረቀት ባዶ ተመለሰ። አንዱ ላይ «ይህን የሚያነበው ማን ነው?» ይላል።

የኢሽራቅን እጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ። የእሷ አይደለም። ከእሷም ሌላ የሚፈራኝ አለ ማለት ነው።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ሰኪና መሸኛ ልትወስድ መጣች። ሸኪብ ልጅቷን ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ ሊያስገባት ነው፤ በሁለተኛው መንፈቅ እዚያ ትጀምራለች። በራሱ መኪና ነው የሚወስዳት።

ለእኔ የደረሰኝ የሒሳቡ ክፍል ነው። እውነተኞቹን ሦስት ውጤቶች ገለበጥኩ፤ 9፣ 8፣ 9። ከዚያ በፊት በእውነት የነበራትን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር፤ በ7 እና በ6 የሸፈንኳት ልጅ ዘጠኝ የምታገኝ ነበረች። በቀሩት ስድስት ሳጥኖች «አልተገኘችም» ብዬ ጻፍኩ። ከታች «የመምህሩ አስተያየት» የሚል ሁለት መስመር አለ። «ጎበዝ ተማሪ ናት» ብዬ ልጽፍ ነበር። ለሁሉም የምጽፈው እሱን ነው።

«ስትጠየቅ እውነቱን ትመልሳለች። ያልገባትን ስትጠይቅ በትዕግሥት ይመለስላት» ብዬ ጻፍኩ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ አነበቡት፤ ቀና ብለው አዩኝ፤ ማኅተሙን መቱበት።

ሰኪና ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ማንበብ እንደማትችል እስከ ዛሬ አላወቅሁም ነበር። ቤታቸው ከሄድኩበት ቀን በኋላ ቀጥታ ዓይኔን ስታየኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እርስዎ የጻፉት የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

በጣቴ አሳየኋት።

«ያነቡልኝ።»

አነበብኩላት። እንድደግመው ጠየቀችኝ፤ ደገምኩት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ከቦርሳዋ ከተተች።

«እዚያ ያሉት ሰዎች ያነቡታል?»

«ያነቡታል» አልኳት።

አላውቅም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በመጡ ተማሪዎች ካርድ ላይ የተጻፈውን የመምህር አስተያየት አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም።